በውዱእ ውሃ የጠገበው ያስሚን

ከተማዋን በስሟ አልጠራትም። ብጠራት አንዱ «የእኛ ሰፈር ሰው ናቸው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ የእነ እገሌ አያት ናቸው» ይላል፣ ክርክሩ ይነሳና ታሪኩ መንገድ ላይ ይቀርብኛል። አሮጌ ከተማ ናት በሉና እለፉ። ግንቧ በኖራ የተለሰነ፣ መንገዷ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ግድግዳ ላይ ጋደም ብሎ የሚውልባት፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራባት ከተማ። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሚሻገር ነገር ቢኖር የአዛን ድምፅ፣ የሳል ድምፅና የአበባ ሽታ ነው። በዚያች ከተማ ሸህ ዘይኑ የሚባሉ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

ሸህ ዘይኑ ቀኑ በረድ ሲል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በግቢያቸው ኪታብ ያስተምሩ ነበር። አርባ የሚሆን ሰው ይመጣል፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀምጦ። ምንጣፉ ከተነጠፈበት አጠገብ፣ በምሥራቁ ግንብ ሥር፣ አንድ የያስሚን ሐረግ ነበረ። የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ሐረግ ነው። ስለ አበባ ምን ወሬ አለው የምትሉኝ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ያስሚኑ የሸሁ አልነበረም። አማና፣ የአደራ ዕቃ፣ ነበር። ባለቤቱ ከግንቡ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታቸው እመት ባህጃ ናቸው። እመት ባህጃ ከባሕር ማዶ ሙሽራ ሆነው ሲመጡ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች የስንዝር ቁራጭ በጉያቸው ይዘው ነው የመጡት። ያቺ ቁራጭ በባላቸው ግቢ ተተክላ ሃምሳ ዓመት አበበች። ባላቸው ሞቱ። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ። አንድ ክረምት ደግሞ ግንቡ ተናደና ሐረጉን ከነሥሩ ቀበረው። ከፍርስራሹ የተረፈችውን አንዲት ቅርንጫፍ እየዳበሱ አገኟትና ለሸህ ዘይኑ ሰጧቸው። «እኔ እንግዲህ አላይም። አማና ይያዙልኝ። ያበበች ቀን አንዴ ያሸቱኛል» አሏቸው። ሸሁም ኢንሻአላህ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አለፈ። ግንቡ ተሠራ፣ ሐረጉ አደገ፣ አበባ ግን የለም።

እንክብካቤ ጎድሎበት እንዳይመስላችሁ። ሸሁ ውሃ ማባከን አጥብቀው ስለሚጠሉ፣ ሰው ለሶላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርግበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሐረጉ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ውሃው በከንቱ ሲፈስ ባዩ ጊዜ ድንጋዩን ወደ ግንቡ አስጠግተው በትንሽ ቦይ ውሃውን ወደ ሐረጉ ሥር መሩት። ሐሳቡ መልካም ነበር። የከተማዋ ሰው ግን ነገር ሲወድ ልክ አያውቅም። የሸሁ ውዱእ ውሃ የሚጠጣ ዛፍ አለ ተባለ። በረካ ያለው ዛፍ ነው ተባለ። በመስጂድ ውዱእ አድርጎ የመጣው ሁሉ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደገና ማድረግ ጀመረ። ሐጂ መህዲ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ጭራሽ ከቤቱ ማንቆርቆሪያ ሞልቶ እያንጠባጠበ ይመጣ ነበር። (ሐጂ መህዲን አንቱ ልላቸው በተገባ። ታሪኩን የነገረኝ የልጅ ልጁ ራሱ አንተ እያለ ነው የነገረኝ፤ ምላሴ እሱን ለምዷል፣ አውፍ በሉኝ።) ሴት ልጁ በንዳድ ተይዛ የዳነችው ውሃ ማመላለስ በጀመረበት ወር ነበርና፣ ሐጂ መህዲን ከዚያ ሐረግ የሚያላቅቀው አልተገኘም።

ቅጠሉማ አይጣል ነው። በበጋ፣ የከተማው ተክል ሁሉ አቧራ ለብሶ ሲያንቀላፋ፣ ያስሚኑ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ጥላው ምንጣፉን ያለብሳል። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ክድን ክድን ይልበታል። ሸህ ዘይኑ ግን ሶላታቸውን ጨርሰው ሰው ሳይመጣ በፊት ቅጠሉን እንደ ኪታብ ገጽ አንድ በአንድ እየገለጡ ያያሉ። እንቡጥ የለም። ፍግ ጨመሩ። ዱዓ አደረጉ። ውሃ ጨመሩ። ምንም የለም።

በመጀመሪያው ዓመት እመት ባህጃ ዘንድ ሄደው «ገና ነው፣ እናቴ» አሏቸው። በሁለተኛው ዓመት ለዒድ ብቻ ሄዱ። በሦስተኛው ዓመት ባለቤታቸው ሰዕዲያ ምግብ በሳህን ይዘው ይሂዱ፣ እኔ ሌላ ቀን አሉ ሸሁ። ከዚያ ሌላ ቀን ሳይመጣ ቀረ። በየቀኑ ከምሳ ላይ ተነስቶ ሳህኑ ይሄዳል፤ ሳህኑ ይመለሳል። ሸሁ ወደ መስጂድ ሲሄዱ እንኳ በእመት ባህጃ በር በኩል ያለውን መንገድ ትተው በላይኛው ቅያስ ዞረው ይሄዱ ጀመር። ስንት ኪታብ በልባቸው የያዙ ሰው ከአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት በር ይሸሻሉ። ምን ይደረግ፣ ባዶ እጅ ያሳፍራል።

አንድ ቀን ሰዕዲያ ሳህኑን እንደወሰዱት ሙሉውን ይዘው ተመለሱ። እመት ባህጃ አንድ ጉርሻ እንኳ አልዋጡም፣ ደረታቸውን አፍኗቸዋል፣ ከመደባቸው መነሳት አቅቷቸዋል አሉ። ሰዕዲያ ሳህኑን በሸሁ ፊት አስቀመጡና ቆሙ።

«ሳህኑ ስንት ዓመት ተመላለሰ» አሉ። «እርስዎ መቼ ነው የሚሄዱት?»

በማግሥቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሸሁ ከሰዕዲያ ጋር ሄዱ። ደጃፉ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ውስጥ ሆነው እመት ባህጃ «አረማመድዎ አልተለወጠም፣ ሸህ ዘይኑ፤ ይግቡ» አሏቸው። ክፍሉ ጠባብ ነበር። በትንሿ መስኮት የገባው ብርሃን መደቡን እኩሌታ ሸፍኖታል፣ እሳቸው በብርሃኑ ውስጥ ከስተው ተቀምጠዋል። ሸሁ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና ስንት ዓመት የሸሹትን ነገር ተናገሩ። አማናዎን አላደረስኩም አሉ። አጠጣሁ፣ ፍግ አለበስኩ፣ ለመንኩ፣ አላበበም፤ አፍሬ ቀረሁ አሉ። በመጨረሻም እንደ ደረሳ አንገታቸውን ደፍተው ጠየቁ።

«እናቴ፣ ምን ላድርገው?»

እመት ባህጃ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሰዕዲያ ጀርባቸውን ደገፉ። ሳሉ ሲበርድ እንዲህ አሉ።

«በየዕለቱ ከዐስር በኋላ በግንቡ ላይ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ዛሬም አጠጡት እላለሁ። ያስሚን ውሃ ሲጠግብ ቅጠሉን ነው የሚያበዛው። በእኛ አገር አርባ ቀን እናስጠማዋለን፣ ቅጠሉ እስኪጠወልግ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩ አድርገን እናጠጣዋለን። ያኔ ያብባል።»

ሸሁ ደነገጡ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አሏቸው።

«የዓሊም የውዱእ ውሃ ነው። አቁሙ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ? ደግሞም አማና ከሰጡ ወዲያ ማዘዝ ነውር መሰለኝ። መጥተው ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር።»

እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ እዚህ ላይ ልቤ ቁርጥ ብሏል። ሁለት ሰዎች፣ በመሃላቸው አንድ ክንድ ስፋት ያለው ግንብ፣ አንዱ ከእፍረት፣ አንዷ ከአደብ የተነሳ ሰባት ዓመት ዝም። ሸሁ አለቀሱ። ሰዕዲያም አለቀሱ። እመት ባህጃ ግን ማልቀሱን ለእነሱ ትተው፣ አርባ ቀን ካለኝ አሸተዋለሁ፣ ከሌለኝ ደግሞ ከኔ በኋላ የሚመጣ ያሸተዋል፣ ዛሬውኑ ጀምሩ አሉ።

ያን ዕለት ዐስር ላይ ሸሁ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እየገፉ ወደ ግቢው ሌላ ጫፍ ወሰዱት። ቦዩን በአፈር ደፈኑ። ለተሰበሰበው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሐረግ አንድ ጠብታ እንዳይደርሰው አሉ፤ ምክንያቱንም ሳይሸሽጉ ከእመት ባህጃ የሰሙትን ነገሩ። ሰው አጉረመረመ። ሸሁ ውሃችንን ናቁት ያለ አለ። የአሮጊት ወሬ ሰምተው በረካውን አቋረጡት ያለም አለ። ሐጂ መህዲ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ወጣና ሦስት ቀን ከኪታቡ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረዘሙ። ሸሁ በየማለዳው ወደ ጎረቤታቸው ይሄዳሉ፣ የቀኑን ቁጥር ይነግሯቸዋል። ከሰዓት ደግሞ ሐረጉ ሥር ይቀመጣሉ። ቅጠሉ መጀመሪያ ብርሃኑን አጣ። ቀጥሎ ጫፉ ተጠቀለለ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ መርገፍ ጀመረ፤ ኪታቡ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የሰው ጥምጣም ላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ማንም አያነሳውም። ጥላው ሳሳ፣ ፀሐዩ እስከ ገጾቹ ድረስ ገባ፣ የሸሁ ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚሰማ ይመስል ነበር። አንድ ቀትር ላይ ለብቻቸው ሳሉ እጃቸው ሳያስቡት ማንቆርቆሪያ አነሳ። ሰባት ዓመት ያሳደጉት ነገር ዓይናቸው እያየ ሲደርቅ አልቻሉም። ከግንቡ ወዲያ የእመት ባህጃ ሳል ተሰማ። ሸሁ ማንቆርቆሪያውን መልሰው አስቀመጡት።

በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ገና ፀሐይ እየወጣች ሳለ፣ ሸሁ ወደ እመት ባህጃ ክፍል ሲገቡ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም «ዛሬ ማን አጠጣው?» የሚል ጥያቄ ጠበቃቸው። ወደ ግቢያቸው ተመልሰው ቢያዩ የሐረጉ ሥር ረጥቧል፤ አፈሩ ላይ የማንቆርቆሪያ ቂጥ ክብ ምልክት ትቷል።

ከዐስር በኋላ ሐጂ መህዲ መጣ። ሳይጠየቅ ከሰው ሁሉ ፊት ቆሞ እኔ ነኝ አለ። ሲሞት ማየት አልቻልኩም፣ ልጄን ያዳነ ዛፍ ነው አለ። ሰው ሁሉ ሸሁን አየ። ሸህ ዘይኑ ተቆጥተው ነበር፤ ታላቅ ሰው አይቆጣም የሚለኝ ካለ አላምነውም። ሃያ ስድስት ቀን ከአንዲት ልትሞት ከተቃረበች ሴት ዕድሜ ላይ ተቀንሷል። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

«ቀኑን እንደገና ከአንድ እንጀምራለን፣ መህዲ። ከነገ ጀምሮ የምትጠብቀው አንተ ነህ።»

ሐጂ መህዲም ጠበቀ። ሱቁን በእኩለ ቀን እየዘጋ መጥቶ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ እጁ ተስቢህ ይቆጥራል፣ ዓይኑ ሐረጉ ላይ ነው። ዶሮ ውሃ ይዛ የምትመጣ ይመስል ዶሮ ሳይቀር ያባርራል። ከቀናት በኋላ ከግንቡ ወዲያ ያሉት እመት ባህጃ ትንፋሹን ለዩትና ያናግሩት ጀመር። እሳቸው ስለ አገራቸው ያወሩታል፤ ሴቶቹ ያስሚኑን በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ ስለሚያደርጉበት ቤት፣ ሽታው ከባሕሩ ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባበት ሰገነት። እሱ ስለ ልጁ ንዳድ ያወራቸዋል። አንዳንድ ቀን ድምፃቸው ይጠፋል፣ ሐጂ መህዲ ግንቡን በጣቱ ይመታል፣ ቆይቶ ከወዲያ አንድ ምት ይመለሳል። ያን ሲሰማ ብቻ ነው ተነስቶ የሚሄደው።

አርባው ቀን ሲሞላ ሐረጉ እንጨት ሆኖ ነበር። እመት ባህጃ ማን ያጠጣው ሲባሉ፣ ያ ያጠጣው ሰው ያጠጣው አሉ። ሐጂ መህዲ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቢስሚላህ ብሎ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ፣ ደገመ፣ ምድሩ እስኪጠግብ። ከግንቡ ወዲያ «አልሐምዱሊላህ፣ ሸተተኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ሥራ አልነበረም።

አምስት ቀን አለፈ። ቀያይ ጫፎች ብቅ አሉ። አሥር ቀን አለፈ። ጫፎቹ ቅጠል ሆኑ፤ ትንንሽ፣ እንደ ድሮው ያልሰቡ። ሸሁ እየገለጡ ፈለጉ፣ ሐጂ መህዲ እየተንጠራራ ፈለገ። እንቡጥ የለም። ሰዕዲያም ከማዶ የሚያመጡት ወሬ መልካም አልነበረም፤ እመት ባህጃ ከማንኪያ ሾርባ በላይ አይወስዱም፣ መኝታዬን ወደ ግንቡ አስጠጉልኝ ብለው በራፋቸው ላይ ባለችው ትንሽ ግቢ ውለው ይገባሉ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል፣ ሸሁ ኪታቡን ከፍተው እያነበቡ ሳሉ ከግንቡ ወዲያ «ሸህ ዘይኑ» የሚል ድምፅ መጣ። ኃይለኛ ድምፅ አልነበረም፤ ግን በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሰዓት፣ ሁሉም ሰማው።

«መጣ» አሉ እመት ባህጃ።

አርባው ሰው ቀና ብሎ ሐረጉን አየ። አንድም አበባ የለም። ሸሁም አዩ፣ የለም። ግራ ገብቷቸው እንደ ቆሙ ነፋሱ ዞረና ሽታው በግንቡ ላይ ተሻግሮ ወደ እነሱ ወረደ። ሸሁ ጫማቸውን ረስተው በባዶ እግራቸው ወደ ጎረቤት ግቢ ዞሩ፤ ሰው ሁሉ ተከተላቸው። አዲሶቹ ቅርንጫፎች ግንቡን ተሻግረው የማለዳ ፀሐይ ወደሚያርፍበት ወደ ማዶ ሄደው ነበር፤ በዚያ በኩል ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ነጫጭ አበቦች በጎረቤቱ ግቢ በኩል ተንጠልጥለዋል። እመት ባህጃ መኝታቸው ላይ ሆነው አንዷን ቅርንጫፍ በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው ይዘዋል። አልቀጠፏትም። ፊታቸውን ውስጧ ቀብረው ነበር፣ ሰዕዲያም አጠገባቸው ቆመው ያያሉ።

ሐጂ መህዲ ራሱን መግታት አልቻለም። «ይህ የሸሁ ከራማ ነው!» ብሎ ጮኸ፣ ሰውም «አላሁ አክበር» እያለ ተክቢራ አሰማ። ልብ በሉ፣ ሸህ ዘይኑ ስማቸው ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሲታማ የከረመ ሰው ናቸው። ዝም ቢሉ ብቻ ስሙ ታጥቦ፣ ጨምሮም ይመለስላቸው ነበር። እጃቸውን አንስተው ድምፁን አስቆሙና ወደ እመት ባህጃ አመለከቱ።

«ባለአማናዋን ጠይቋቸው» አሉ። «እኔ ሳልጠይቅ ሰባት ዓመት አጠጣሁ።»

እመት ባህጃ ከዚያ ወዲያ ስንት እንደኖሩ ሰዎች አይስማሙም። አንዳንዶች አንድ ወር ይላሉ፣ የሐጂ መህዲ የልጅ ልጅ ግን ሦስት ዓመት ነው ይላል። እኔ ሦስቱን ዓመት መርጫለሁ።

የሸሁን ቃል ግን ሳስበው እቆያለሁ። እኛ ለሰው የምናደርገው ነገር ብዙ ነው፤ እንልካለን፣ እንሸከማለን፣ እናፈሳለን። በሩን አንኳኩቶ «ምን ላድርግልህ?» ማለት ግን ይከብደናል፣ ምክንያቱም ይህን ያለ ሰው ያጠፋውንም አብሮ መስማቱ አይቀርም። ሸሁ ውሃውን ሲያበዙ ኒያቸው ንጹሕ ነበር። የጎደለው ከራሳቸው ግቢ እስከ ጎረቤታቸው በር ያለችው ጥቂት እርምጃ ነበረች። አላህ የሰጣቸው ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት፣ አበባው ከመምጣቱ በፊት ያቺን እርምጃ መሄዳቸው ነው።

ለሌላው ይህን መናገር ቀላል ነው። ልጅ ሳለሁ ቁርኣን ያቀሩኝ ሸህ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ከእኔ ቤት እስከ እሳቸው ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ኪታብ አማና ሰጥተውኝ ነበር። ምስጥ ገባበት፣ ሃያ የሚሆን ገጽ በላብኝ። ከዚያ ወዲህ በየረመዳኑ ተምር እልክላቸዋለሁ፤ ጥሩ ተምር ነው፣ መርጬ ነው የምገዛው። ራሴ አልሄድኩም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ኪታቡን በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ አጠገብ፣ ከጫማዬ ጎን አስቀምጬዋለሁ። ነገ ከዙህር በኋላ እሄዳለሁ። ተምር አልይዝም።